ከ01:23:40 ወዲህና ወዲያ፦ የቼርኖቢልን 4ኛ ማብላያ ያፈነዳው ምንድን ነው?

የቼርኖቢል ኑክሌር ጣቢያ 4ኛ ማብላያ የፈነዳው ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሌሊት ነው። ስለ አደጋው ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ግን የሚያወራው ስለ ጥፋተኛው ነው፤ ማን አዘዘ፣ ማን ደበቀ፣ ማን ታሰረ። የፊዚክስ ባለሙያዎቹ ክርክር ከዚህ ይለያል፤ ገና አልተቋጨም። የሚከራከሩት ስለ ሌሊቱ በሙሉ ሳይሆን የማቆሚያው ቁልፍ ከተጫነበት ከ01:23:40 ወዲህና ወዲያ ስላሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ሰዓቶች በሙሉ የጣቢያው መዝገብ እንዳሰፈራቸው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የተቆጠሩ ናቸው፤ ዓመቶቹም "ዓ.ም." ካልተባለ በቀር በፈረንጆቹ ናቸው።)

ክርክሩ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። ማብላያው ትንሽ ነገር ሊገለብጠው የሚችልበት ሁኔታ ውስጥ እንዴት ገባ? የመጨረሻውን ግፊት የሰጠው ምንድን ነው? ሕንፃውን ያፈረሰውስ የምን ፍንዳታ ነበር? የመጀመሪያው በአመዛኙ ተመልሷል። በሁለተኛው ላይ አብዛኛው ባለሙያ ወደ አንድ ወገን አጋድሏል። ሦስተኛው ክፍት ነው። "ሳይንቲስቶች እስካሁን አልተስማሙም" የሚለው አባባል አሳሳች የሚሆነው ሦስቱ ሲቀላቀሉ ነው፤ የፍንዳታው ዓይነት አከራካሪ ስለሆነ ብቻ የማብላያው ዲዛይን ጉድለትም አከራካሪ ይመስላል። ጉድለቱ ግን አያከራክርም።

ውሃው ሲተን ኃይሉ የሚጨምር ማብላያ

አርቢኤምኬ-1000 የሚባለው የሶቪየት ማብላያ ቁመቱ 7 ሜትር፣ ወርዱ 12 ሜትር ገደማ የሆነ የግራፋይት ክምር ነው። ክምሩን ከላይ እስከ ታች የሚበሱት 1,661 ቱቦዎች በውስጣቸው የዩራኒየም ነዳጅና ከታች ወደ ላይ የሚፈስ ውሃ ይይዛሉ። ሌሎች 211 ቱቦዎች የመቆጣጠሪያ ዘንጎች የሚወጡባቸውና የሚወርዱባቸው ናቸው። በሙሉ አቅሙ 3,200 ሜጋዋት ሙቀት ያመነጫል፤ ከዚህ ውስጥ 1,000 ሜጋዋቱ ኤሌክትሪክ ይሆናል።

አንድ የዩራኒየም አቶም ሲከፈል የሚወጡት ኒውትሮኖች ሌላ የዩራኒየም አቶም እንዲከፍሉ ፍጥነታቸው መቀነስ አለበት። በብዙ የዓለም ማብላያዎች ይህን የሚያደርገው ያው ማቀዝቀዣው ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው ሲተን ኃይሉ በራሱ ይወርዳል። በአርቢኤምኬ ኒውትሮኖችን የሚያዘገየው ግራፋይቱ ነው። የውሃው ሥራ ማቀዝቀዝ ነው፤ ከኒውትሮን አንፃር ሲታይ ግን ሌባ ነው፣ የተወሰኑትን ውጦ ያስቀራል። ውሃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሌባው ይጠፋል፣ ግራፋይቱ ሥራውን ይቀጥላል፣ ኃይሉ ይጨምራል። የጨመረው ኃይል ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ያፈላል።

የዚህን ጉልበት ለመረዳት ቤታ የሚባለውን መለኪያ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ የዩራኒየም አቶም ሲከፈል ከሚወጡት ኒውትሮኖች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚያው ቅጽበት ይወጣሉ። ጥቂቶቹ ግን ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ ደቂቃ ዘግይተው ይመጣሉ፤ በዚህ ማብላያ ድርሻቸው ግማሽ በመቶ ገደማ ነበር። ቤታ ማለት ይህ ድርሻ ነው። ወደ ማብላያው የሚጨመረው የኒውትሮን ትርፍ ከአንድ ቤታ በታች እስከሆነ ድረስ የኃይሉ ዕድገት ዘግይተው የሚመጡትን መጠበቅ ግድ ይለዋል፤ ስለዚህ ሰውም ማሽንም ይደርስበታል። ትርፉ አንድ ቤታን ሲያልፍ ግን መጠበቅ ቀረ፤ ኃይሉ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ እጥፍ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። በዚያ ሌሊት ቼርኖቢል ላይ በማብላያው ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ቢተን የሚጨምረው ትርፍ ከ4 እስከ 5 ቤታ እንደሚደርስ ከአደጋው በኋላ የተሠሩ ስሌቶች ያሳያሉ።

ሁለተኛው ጉድለት በዘንጎቹ ላይ ነበር። ኒውትሮን የሚውጠው የዘንጉ ክፍል ቦሮን ካርባይድ ነው። ከሥሩ 4.5 ሜትር የሚረዝም የግራፋይት ዱላ ተንጠልጥሏል፤ ዘንጉ ተስቦ ሲወጣ ቦታውን ኒውትሮን የሚውጥ ውሃ እንዳይሞላው ለመከላከል ነው። ከኢኮኖሚ አንፃር ብልህ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ማብላያው 7 ሜትር ሲሆን ዱላው 4.5 ብቻ ነው። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ዱላው መሀል ላይ ይቀመጥና ከበላዩም ከበታቹም 1.25 ሜትር ውሃ ይቀራል። ዘንጉ እንደገና ሲገባ በመጀመሪያ የሚሆነው ዱላው ከታች ያለውን 1.25 ሜትር ውሃ ገፍቶ ማስወጣቱና ቦታውን ግራፋይት መያዙ ነው። ከላይ ኒውትሮን ዋጩ ገና እየገባ ሳለ በታችኛው ጫፍ ኃይል ይጨምራል። ዘንጎቹን የሚያወርዳቸው ሞተር በሰከንድ 0.4 ሜትር ብቻ ስለሚሄድ ሙሉ በሙሉ ለመግባት ከ18 እስከ 20 ሰከንድ ይፈጅባቸው ነበር።

ይህ ከአደጋው በኋላ የተገኘ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 በሊትዌኒያ የኢግናሊና ጣቢያ 1ኛ ማብላያና ራሱ የቼርኖቢል 4ኛ ማብላያ ሥራ ሲጀምሩ በተደረገ ፍተሻ ታይቷል። ዲዛይኑን ያወጣው የሞስኮ ተቋም ኒኪየት ሌሎች ጣቢያዎች እንዲያውቁት ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ዘንጎቹ ግን አልተቀየሩም። ብዙ ዘንጎች በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ካልወጡ በቀር ውጤቱ አነስተኛ ነው፣ ያ ደግሞ አይፈጠርም ተብሎ ታሰበ።

ያ ሁኔታ እንዴት ተፈጠረ

ሙከራው በራሱ ለደኅንነት የታሰበ ነበር። ጣቢያው ከውጭ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ዲዝል ጄኔሬተሮቹ ሙሉ ጭነት ለመሸከም አንድ ደቂቃ ያህል ይወስድባቸዋል። በዚያ ክፍተት በራሱ ጉልበት እየተሽከረከረ የሚዘገየው ተርባይን ፓምፖቹን ሊያንቀሳቅስ ይችል እንደሆነ ለማየት ነው የተፈለገው። ቀደም ባሉት ዓመታትም ተሞክሮ አልተሳካም ነበር።

ኃይሉን መቀነስ የተጀመረው ኤፕሪል 25 ከሌሊቱ 01:06 ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ በግማሽ አቅም ላይ እንዳለ የኪየቭ ኃይል ተቆጣጣሪ "ኤሌክትሪኩ ያስፈልገናል፣ አታቋርጡ" አለ። ማብላያው በዚያው ቆየ፤ ኃይል መቀነሱ የቀጠለው 23:10 ላይ ነው። ለሙከራው የተዘጋጀው የቀን ፈረቃ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር፤ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ተረኛው እንደገና ተቀየረ። 00:28 ላይ ከአንድ የራስ ሰር መቆጣጠሪያ ወደ ሌላው ሲዛወር ኃይሉ ተንሸራቶ 30 ሜጋዋት ላይ ወደቀ። የሙከራው ሰነድ የሚጠይቀው ከ700 እስከ 1,000 ሜጋዋት ነበር።

እዚህ ላይ ዜኖን ይመጣል። ዩራኒየም ሲከፈል ከሚፈጠሩት አንዱ አዮዲን-135 ነው፤ በ6.6 ሰዓት ውስጥ እኩሌታው ወደ ዜኖን-135 ይለወጣል። ዜኖን-135 ኒውትሮን በመዋጥ የሚወዳደረው የለም። ማብላያው በሙሉ ኃይል ሲሠራ ኒውትሮኖቹ ራሳቸው ያቃጥሉታል፤ ኃይሉ በድንገት ሲወርድ ግን አዮዲኑ መለወጡን ይቀጥላል፣ የሚያቃጥለው ጠፍቶ ይከማቻል። ኦፕሬተሮቹ ኃይሉን መልሰው ለማንሳት አንድ መንገድ ብቻ ነበራቸው፤ ዘንጎችን ማውጣት። አወጡ፣ አወጡ፣ 01:00 ገደማ ላይ ኃይሉ 200 ሜጋዋት ሆኖ ቆመ። ከዚያ በላይ አልወጣም።

01:22:30 ላይ በማብላያው ውስጥ የቀረው የዘንግ ብዛት፣ በሙሉ ዘንግ ሲሰላ፣ 8 ያህል እንደነበር ከአደጋው በኋላ ተሰልቷል። ደንቡ ከ15 ሲወርድ ማብላያው ይቁም ይላል። ኦፕሬተሩ ይህን ቁጥር ፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ አያየውም ነበር፤ ኮምፒውተሩ አስልቶ እስኪያትመው ደቂቃዎች ይወስዳል። ከዚህም በላይ ደንቡ የተጻፈው ኃይሉ በማብላያው ውስጥ እኩል እንዲሰራጭ ለማድረግ የሚረዳ የአሠራር ገደብ ሆኖ ነው። ቁጥሩ ሲወርድ የማቆሚያው ቁልፍ ራሱ አደገኛ እንደሚሆን የነገራቸው አልነበረም።

በዚህ ላይ 7ኛውና 8ኛው ዋና ፓምፕ ከ01:03 በኋላ ተጨመሩ። በዝቅተኛ ኃይል ላይ ብዙ ውሃ ሲያልፍ እንፋሎቱ ያንሳል፣ ወደ ማብላያው የሚገባው ውሃም ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ውጤቱ ከታች የሚገባው ውሃ ለመፍላት ጥቂት ዲግሪ ብቻ የቀረው መሆኑ ነው።

ይሄ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ማብላያው እንዲህ ነበር፦ በውስጡ ትንሽ እንፋሎት፣ ግን ብዙ ሊፈላ የተቃረበ ውሃ፤ ዘንጎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ላይ፤ የኒውትሮን ስርጭቱ ከላይና ከታች ጫፍ ያበጠ፣ መሀሉ በዜኖን የተበላ። እዚህ ድረስ ባለሙያዎቹ የሚጣሉበት ነገር እምብዛም የለም።

ቁልፉ ወይስ ፓምፖቹ?

01:23:04 ላይ ወደ 8ኛው ተርባይን የሚሄደው እንፋሎት ተዘጋ፤ ሙከራው ተጀመረ። ከስምንቱ ፓምፖች አራቱ የተገናኙት እየዘገየ ካለው ተርባይን ጋር ነበር፣ አራቱ ከመደበኛው መስመር ጋር። የውሃው ፍሰት ቀስ እያለ ቀነሰ። 01:23:40 ላይ ኤዜድ-5 የሚባለው የአስቸኳይ ማቆሚያ ቁልፍ ተጫነ። 01:23:43 ላይ ኃይሉ ከገደብ በላይና በማይፈቀድ ፍጥነት እያደገ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች ተመዘገቡ። 01:23:47 ላይ የፓምፖቹ ፍሰት በድንገት አሽቆለቆለ፤ 01:23:49 ላይ ቱቦዎቹ በተቀመጡበት ክፍል ግፊት መጨመሩ ተመዘገበ። ዘንጎቹ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ገብተው ተቀረቀሩ።

በኦገስት 1986 ቪየና ላይ ቫለሪ ሌጋሶቭ የመራው የሶቪየት ቡድን ያቀረበው ትንታኔ ዋናውን ሸክም በኦፕሬተሮቹ ላይ ጣለ። በዚያ ሥዕል ፓምፖቹ ሲዘገዩ እንፋሎት በዛ፣ ኃይሉ ማደግ ጀመረ፣ ኦፕሬተሩ ይህን አይቶ ቁልፉን ተጫነ፣ ግን ዘገየ። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አማካሪ ቡድን ኢንሳግም በመጀመሪያው ሪፖርቱ ይህንኑ ተቀበለ። በዚያ ሪፖርት የዘንጎቹ ጫፍ የሚያደርሰው ተጽዕኖ የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

ከአምስት ዓመት በኋላ በኒኮላይ ሽቴይንበርግ የሚመራው የሶቪየት ኮሚሽን መዝገቡን እንደገና መረመረው፤ ኢንሳግም በ1992 ባወጣው ኢንሳግ-7 አቋሙን ለወጠ። ዋናው ነጥብ ቀላል ነው። ከ01:23:04 እስከ 01:23:40 ባለው ጊዜ በመዝገቡ ላይ ቁልፉን በድንጋጤ የሚያስጫን ምንም ምልክት የለም። እንፋሎቱ በትንሹ ሲጨምር የራስ ሰር ዘንጎቹ እያካካሱት ነበር። ማንቂያዎቹ የጮሁት ከቁልፉ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ምክትል ዋና መሐንዲሱ አናቶሊ ዲያትሎቭም እስከ መጨረሻው የሚለው ቁልፉ የተጫነው ሙከራው ስላለቀ ማብላያውን ለማቆም ብቻ ነው የሚል ነበር። ኢንሳግ-7 ቁልፉ ለምን እንደተጫነ በእርግጠኝነት አልታወቀም ብሎ አልፎታል።

የፓምፕ ወገኖች እዚህ ላይ እጅ አይሰጡም። ክርክራቸው ይህ ነው፦ የሚገባው ውሃ ለመፍላት ጥቂት ዲግሪ ከቀረው፣ የሚዘገይ ፓምፕ መግቢያ ላይ ግፊቱ ሲወርድ ውሃው እዚያው ሊፈላ ይችላል፤ እንፋሎት የተቀላቀለበት ውሃ ከታች ሲገባ ደግሞ ማብላያው በአንዴ ትርፍ ያገኛል። ይህን መላምት በተለይ ያራመዱት ከኒኪየት ወገን የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ዲዛይን ያወጣ ተቋም ከዘንጎቹ ይልቅ ወደ ፓምፕ ማዘንበሉ ባይገርምም፣ መላምቱ በፊዚክስ በኩል የማይቻል አይደለም። የሚጎድለው ማስረጃ ነው። መዝገቡ ላይ የስምንቱም ፓምፖች ፍሰት እስከ ኃይሉ ፍንዳታ ድረስ ሳይናጋ ይታያል፤ የተሰበረው ከኃይሉ በኋላ ነው። ማለትም የፍሰቱ መውደቅ መዘዝ እንጂ መነሻ አይመስልም።

ሌላው መላምት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ከጣቢያው በስተምዕራብ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ርቀው የነበሩ ሦስት የመሬት ንዝረት መመዝገቢያዎች በዚያ ሰዓት ደካማ ንዝረት ይዘዋል፤ በ1997 አንዳንድ ጂኦፊዚሲስቶች ይህ ከፍንዳታው ሰከንዶች ቀድሞ የደረሰ አነስተኛ መንቀጥቀጥ ነው አሉ። ችግሩ ሰዓት ነው። የጣቢያው መዝገብና የንዝረት መመዝገቢያዎቹ ሰዓት እርስ በርስ አልተስተካከሉም፤ የጥቂት ሰከንድ መፋለስ ንዝረቱን ከፍንዳታው በፊት ወደ ራሱ ፍንዳታው ያዛውረዋል። ያን ያህል ደካማ ምልክት ላይ ይህን ያህል ትልቅ ድምዳሜ መገንባት አያዋጣም።

ስሌቶቹስ ምን ይላሉ? የሚገርመው ስሌቶቹ ራሳቸው የተለያየ መልስ መስጠታቸው ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የታወቀ ነው። የዘንጎቹ ጫፍ የሚጨምረው ኃይል ልክ በዚያች ሰከንድ የኒውትሮን ስርጭቱ ከታች ምን ያህል አብጦ እንደነበር ላይ በእጅጉ ይመሠረታል፤ ይህን ደግሞ በሚፈለገው ጥራት የለካ መሣሪያ አልነበረም። ታችኛው ጫፍ በጣም ያበጠ ነው ብሎ የሚነሳ ስሌት ቁልፉ ብቻውን በቂ እንደነበር ያገኛል። ስርጭቱ ለስለስ ያለ ነው ብሎ የሚነሳው ግን ተጨማሪ እንፋሎት ከሌላ ቦታ ይፈልጋል። በእኔ ግምት ሁለቱን ተፎካካሪ አድርጎ ማቅረቡ ራሱ የተሳሳተ ነው። የግራፋይቱ ዱላ የሰጠው ትንሽና አካባቢያዊ ግፊት ነው፤ ትልቁን ሥራ የሠራው ከዚያ በኋላ የፈላው ውሃ ነው። ውሃው ለመፍላት ያን ያህል ባይቀርብ ግፊቱ ሊከሽፍ ይችል ነበር፤ ዘንጎቹ ያን ያህል ባይወጡ ደግሞ ግፊቱ ራሱ አይኖርም ነበር።

ምን ፈነዳ?

የዓይን ምስክሮች ቢያንስ ሁለት ከባድ ድምፅ፣ በሁለትና ሦስት ሰከንድ ልዩነት መስማታቸውን ተናግረዋል። ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ነው።

በሰፊው ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ እንፋሎት ነው። የሶቪየት ስሌት ኃይሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከሙሉ አቅሙ 100 እጥፍ ያህል ደርሷል ይላል። ነዳጁ በግራም ከ300 ካሎሪ ያላነሰ ኃይል በቅጽበት ሲገባበት ይበታተናል፤ የጋለው ብናኝ ከውሃ ጋር ሲገናኝ እንፋሎት በፍንዳታ ፍጥነት ይፈጠራል፤ ቱቦዎች ይቀደዳሉ። ቱቦዎቹ ያሉበት ክፍል እንፋሎት የማስወጣት አቅሙ የተሰላው አንድ ቱቦ ቢቀደድ በሚል ነበር። ጥቂት ቱቦዎች አብረው ሲቀደዱ ግፊቱ 2,000 ቶን ገደማ የሚመዝነውን፣ በቅጽል ስሙ ኤሌና የሚባለውን የላይኛውን ክዳን ከቦታው አነሳው። ቱቦዎቹ በሙሉ ከክዳኑ ጋር የተያያዙ ስለነበሩ ክዳኑ ሲነሳ የቀሩትንም ነቀላቸው። ኤሌና ዛሬም በጎኗ ልትቆም ትንሽ ቀርቷት ማብላያው ጉድጓድ አፍ ላይ ተጋድማ ትገኛለች።

ሁለተኛው ፍንዳታስ? አንዱ መልስ ሃይድሮጅን ነው። የቱቦዎቹና የነዳጁ ሽፋን ዚርኮኒየም ከ1,200 ዲግሪ በላይ ሲግል ከእንፋሎት ጋር በፍጥነት ተዋህዶ ሃይድሮጅን ይለቃል። ፉኩሺማ ላይ ጣሪያዎቹን ያነሳው ይኸው ነበር። ነገር ግን እዚያ ሃይድሮጅኑ ለመከማቸትና ከአየር ጋር ለመቀላቀል ሰዓታት አግኝቷል፤ ቼርኖቢል ላይ ያለው ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። በበኩሌ ይህን መላምት ከሁሉም ደካማው አድርጌ ነው የማየው። ሌላው መልስ ቱቦዎቹ ሲነቀሉ ውሃው በሙሉ ከማብላያው ወጣ፣ ያኔ ያ ሙሉው ከ4 እስከ 5 ቤታ ትርፍ ተለቀቀና ሁለተኛ የኃይል ንረት ተከተለ የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ላርስ-ኤሪክ ደ ጌር የሚባሉ የስዊድን ኑክሌር ፊዚክስ ባለሙያ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። በእነሱ አስተያየት የመጀመሪያው ፍንዳታ በጥቂት ቱቦዎች ታችኛ ክፍል የደረሰ፣ ደካማ ነገር ግን እውነተኛ የኑክሌር ፍንዳታ ነው፤ እንፋሎቱ ከ2.7 ሰከንድ በኋላ የተከተለ ነው። የማስረጃቸው እምብርት ከአደጋው ከአራት ቀን በኋላ ከሞስኮ በስተሰሜን 370 ኪሎሜትር ገደማ በምትገኘው ቼሬፖቬትስ ከተማ፣ የሌኒንግራዱ ክሎፒን ራዲየም ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች አየር ውስጥ የለኩት ዜኖን ነው። ዜኖን-133 የሚባለው በአምስት ቀን ገደማ እኩሌታው ይከስማል፤ ዜኖን-133ኤም የሚባለው ወንድሙ በሁለት ቀን ገደማ። ለወራት ሲሠራ በቆየ ነዳጅ ውስጥ ቶሎ የሚከስመው ድርሻ አነስተኛ ነው፤ ገና በተከፈለ ዩራኒየም ውስጥ ግን ይበዛል። ቼሬፖቬትስ ላይ የተለካው ጥምርታ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ከዚህም በላይ ዋናው የቼርኖቢል ደመና የሄደው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ስዊድን ነው፤ ፎርስማርክ ጣቢያ ላይ በኤፕሪል 28 የታወቀው በዚያ ነበር። ወደ ቼሬፖቬትስ የሚወስደው ነፋስ ከፍ ብሎ፣ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎሜትር ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እዚያ ከፍታ ላይ ብቻውን ተወርውሯል ይላሉ። የክሎፒን ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ራሳቸውም በ2010 ከዜኖኑ ተነስተው የፍንዳታውን ጉልበት ቲኤንቲ ከሚባለው ፈንጂ 10 ቶን ጋር አመሳስለውት ነበር።

"የኑክሌር ፍንዳታ" ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቦምብ ነው። በቦምብ አንድ የኒውትሮን ትውልድ የሚፈጀው ከሰከንድ መቶ ሚሊዮንኛ ያልራቀ ጊዜ ነው። በአርቢኤምኬ ኒውትሮኑ በግራፋይት ውስጥ እየተንገላታ ስለሚዘገይ ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በዚህ ፍጥነት ነዳጁ ብዙ ሳይራመድ ራሱን በታትኖ ሂደቱን ይገድለዋል። ሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦምብ ከ10 ሺህ ቶን በላይ ነበር፤ እዚህ የሚወራው በአሥሮች ቶን ነው።

ታዲያ አብዛኛው ባለሙያ ለምን አልተቀበለውም? ዜኖኑ ከአንድ ቦታ የተገኘ መለኪያ ነው፤ የነፋሱም መንገድ በሞዴል የተሰላ ነው። ማብላያው በተቀመጠበት በታችኛው የብረት ሰሌዳ ደቡብ ምሥራቅ ክፍል የተገኘው ቀዳዳ ደግሞ ለደ ጌር የፍንዳታው አሻራ ነው፤ ለሌሎች ግን ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት የቀለጠው ነዳጅ ሰርስሮ የወጣበት ነው። ወደ ቦታው የገባ ሁሉ የሚስማማበት አንድ እውነታ ታችኛው ሰሌዳ በሙሉ 4 ሜትር ያህል ወደ ታች መስመጡ ነው፤ ጉልበቱ ወደ ላይ ብቻ አልነበረም።

ከሁሉም ርቆ የሄደው የኩርቻቶቭ ኢንስቲትዩቱ ኮንስታንቲን ቼቼሮቭ ነው። ማብላያው ጉድጓድ ውስጥ ደጋግሞ ገብቶ ባዶ መሆኑን አየ፤ ነዳጁ አብዛኛው ወደ ላይ ተወርውሮ የፈነዳው በአዳራሹ ውስጥ ነው፣ ከአደጋው በኋላ ፍርስራሹን በሸፈነው የኮንክሪት ሕንፃ፣ በሳርኮፋገሱ፣ ውስጥ የቀረውም ጥቂት ነው ብሎ እስከ ሕልፈቱ ተከራከረ። ጉድጓዱ ባዶ ነው ያለው ልክ ነው። ከሕንፃው የወጣው ነዳጅ ግን በአውሮፓ ምድር ላይ ከተለካው ዝቃጭ ተነስቶ ከ3 እስከ 4 በመቶ ነው የሚባለው፤ የቀረው ቀልጦ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ወርዷል።

ክርክሩ ሳያልቅ የተጠገነው

ጥገናው ሦስተኛውን ጥያቄ አልጠበቀም። በቀሩት አርቢኤምኬዎች ቁልፉም ፓምፑም ምክንያት ቢሆን የሚሠራ ለውጥ ተደረገ። 80 ገደማ ቋሚ ኒውትሮን ዋጮች ገቡ፤ በነዳጁ ውስጥ በቀላሉ የሚከፈለው ዩራኒየም-235 ድርሻ ከ2.0 ወደ 2.4 በመቶ ከፍ አለ፤ ሁለቱ አንድ ላይ የእንፋሎቱን ትርፍ ከ4.5 ወደ 0.7 ቤታ ገደማ አወረዱት። ከአንድ ቤታ በታች መሆኑን ልብ ይሏል። የሚቀረው የዘንግ ብዛት ከ43 እስከ 48 እንዲሆን ተደነገገ። የዘንጎቹ ጫፍ ተለወጠና ከታች ውሃ የሚቀርበት ክፍተት ጠፋ፤ የመግቢያው ጊዜ ወደ 12 ሰከንድ አጠረ፤ በ2.5 ሰከንድ የሚገባ ሌላ ፈጣን ማቆሚያም ተጨመረ። ሩሲያ ውስጥ ዛሬም የሚሠሩት በዚህ ሁኔታ ነው።

ኢትዮጵያ መስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር በኑክሌር ኃይል ማመንጫ የድርጊት መርሃ ግብር ከተፈራረመች ወዲህ "ቼርኖቢልን ሊያመጡልን ነው" የሚል ስጋት ይሰማል። ሩሲያ ለውጭ የምትሸጠው ቪቪኢአር የሚባለውን ነው፤ ግብጽ ኤል ዳባ ላይ የሚገነቡትም አራቱ እነዚሁ ናቸው። በቪቪኢአር ግራፋይት የለም፤ ኒውትሮኑን የሚያዘገየው ውሃው ራሱ ስለሆነ ሲተን ኃይሉ ይወርዳል፤ ዘንጎቹም በራሳቸው ክብደት በጥቂት ሰከንድ ይወድቃሉ፤ በላዩም አርቢኤምኬ ያልነበረው የኮንክሪት ማቀፊያ አለ። ሌላ አደጋ አይደርስበትም ማለት አይደለም፤ የማቀዝቀዣ ውሃ መቋረጥ ለማንኛውም ማብላያ አደጋ ነው። ከቼርኖቢል ፊዚክስ ተነስቶ መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ በዝቅተኛ ኃይል የሚደረጉ ሙከራዎችን ማን ያጸድቃል? ዲዛይነሩ በሌላ አገር ማብላያ ላይ ያገኘው ጉድለት በስንት ቀን ውስጥ ለኦፕሬተሩና ለተቆጣጣሪው ይደርሳል? ኢግናሊና ላይ የታየው ነገር ቼርኖቢል ቁጥጥር ክፍል ውስጥ በሚገባ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሌሊት ፈረቃ 8 ዘንግ ይዞ ቁልፉን ለመጫን ያስብበት ነበር።

ስለ ፍንዳታው ዓይነት የሚቀረውን ሊፈታ የሚችለው ማስረጃ አሁንም እዚያው አለ፤ ከማብላያው ሥር ባለው ክፍል 305/2፣ የታችኛው ሰሌዳ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ። ጠርዙ ቀስ ብሎ ከቀለጠ ብረት የተለየ ስንጥቅና መበጣጠስ ካሳየ ደ ጌር ይጠናከራሉ፤ ካላሳየ የዜኖኑ ነገር ሌላ ማብራሪያ ይፈልጋል። ናሙናውን ለመውሰድ ግን ከላይ ያለውን ፍርስራሽ ማፍረስ ግድ ነው። በ2016 ማብላያው ላይ ተንሸራቶ የተቀመጠው ግዙፍ ቅስት የተሠራው ለዚሁ ሥራ ጭምር ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2025 ድሮን መትቶ ጣሪያውን ከበሳው በኋላ ግን ቅድሚያ የተሰጠው ቅስቱን ራሱን ለመጠገን ነው።